በአያ ስመኘው አጥንት ውስጥ የተቀደደው ቦይ

አያ ስመኘው የጎናቸው አጥንት የተሰበረው ሲጮኹ ነው። አልወደቁም፣ በሬ አልወጋቸውም፣ ሰው አልነካቸውም። በሚያዝያ አንድ ጠዋት ከጅጋ በታች ባለው መስኖ ዳር ቆመው ነበር። ዘሩ ያለተራው ውሃውን ወደ በርበሬ ማሳው ለቆት አገኙትና «አንተ ሌባ፣ ዛሬስ አልምርህም!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። «ዛሬስ» ላይ ሲደርሱ ቀጭ አለ። ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ ይመስል ነበር አሉ የሰሙት። ጎናቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ዘሩ ከቦዩ ማዶ ዶማውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

አያ ስመኘው የመስኖው የውሃ አባት ናቸው። ብር ከሚባለው ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣውን ውሃ ለየገበሬው በተራ ያከፋፍላሉ፤ ያለተራው የተቀደደ ቦይ ሲያገኙ ይዘጋሉ፤ በውሃ የተጣላውን ያስታርቃሉ። ሥራውን ከአባታቸው ተረክበው ሸብተውበታል። ዘሩ ደግሞ ማሳው ከቦዩ ግርጌ ነው፤ ውሃው ራስጌ ያለውን ሁሉ አዳርሶ፣ ደክሞ የሚደርስበት ጫፍ። በውሃ ሌብነት የታወቀ ሰው ነው። ባይሰርቅ ኖሮ እኛም የምናወራው አናገኝም ነበር። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው የአያ ስመኘው ባለቤት እናኑ አክስቴ ስለሆነች ነው። ያየሁትን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያላየሁትን ከሷ አፍ ሰምቻለሁ፤ አክስቴ ደግሞ ነገር አትጨምርም፣ ትቀንስ እንደሆነ እንጂ።

ሰው ተሰበሰበ። የተሰበረ ጎን አለ፣ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ እንግዲህ የሰበረ መኖር አለበት። ሽማግሌዎቹ ዘሩን አቆሙት።

«አልነካኋቸውም» አለ ዘሩ።

«ታዲያ ማን ሰበራቸው?»

«ጮኸው ነዋ።»

«ሰው ጮኾ ጎኑ ይሰበራል? እኛስ ስንቴ ጮኸንብህ፤ ማናችን ተሰበርን?»

አያ ስመኘው ከተጋደሙበት ሆነው «እውነቱን ነው፣ አልነካኝም» ብለው መሰከሩለት። ይህ ደግሞ ባሰበት። «አያችሁ ደግነታቸውን፣ ሰባሪያቸውን ሊያድኑ!» ተባለ። በዚህ ጊዜ ዘሩ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ጣለና፣ ሐኪም በአፉ «ዘሩ አልሰበራቸውም» እስኪል ድረስ ከአያ ስመኘው አጠገብ እንደማይለይ ማለ።

እውነትም አልተለየም። በባጃጅ ጅጋ ስንወጣ ከሹፌሩ ጎን ተለጥፎ መጣ። ፍኖተ ሰላም ባለው ሆስፒታል ሐኪሙ ጎናቸውን ዳሰሰ፣ ራጅ አስነሣ፣ ፊልሙን ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ አየው። ከዚያም ከባድ ነገር ሳይሆን አይቀርምና ባሕር ዳር ድረስ መሄድ እንዳለባቸው ነገራቸው። ዘሩ ግን አንድ ምስክር አይበቃም አለ። ሁለት መሆን አለበት፤ ሁለተኛውም ሌላ ከተማ የሚኖርና ከመጀመሪያው ጋር የማይተዋወቅ። አያ ስመኘው በሕግ ነገር የሚሞግቱት ሲያገኙ ሕመማቸውንም ይረሳሉ፤ «ትክክል ነው፣ ሁለት ይሁን» አሉ። አክስቴ እያማረረች ቡሬ ወረድን፤ እዚያ እንደገና ራጅ ተነሡ።

የቡሬው ባለሙያ ፊልሙን መስታወት ላይ ለጥፎ አሳየን። ጎናቸው ብቻ አይደለም፤ የጀርባቸው፣ የትከሻቸው፣ የጭንቅላታቸው አጥንት ሁሉ ምስጥ እንደበላው ማገር ተበሳስቷል። ዘሩ ቀዳዳውን በጣቱ እየተከተለ፣

«ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የበሳሁት?» አለ። «የራስ ቅላቸውንም? መቼ ደርሼበት?»

ደስ አለው። ፊልሙን ለምኖ ተቀበለና ጅጋ ስንደርስ ገበያ ቀን ስለነበር፣ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ በገበያው መሐል ዞረ። እህል ሻጩም ጨው ገዢውም የአያ ስመኘውን አጥንት አየ። ዘሩ ነጻ የሚወጣ መስሎት ነበር፤ ሰዎቹ ግን ቀዳዳውን እያዩ «ውይ! ዘሩ፣ ምን አድርገሃቸው ነው?» አሉት። እሱም ፊልሙን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገው።

ባሕር ዳር የተቀበለችን ዶክተር ዮርዳኖስ የምትባል የደም ሐኪም ናት። ከዳሌያቸው አጥንት መቅኔ ቀድታ ካስመረመረች በኋላ ጠራቻቸው። አክስቴ ገባች፤ እኔ ደግፌ ገባሁ፤ ዘሩም ገባ።

«እርስዎ ቤተሰብ ነዎት?» አለችው።

«ተከሳሽ ነኝ» አለ ዘሩ።

ዶክተሯ አያ ስመኘውን አየቻቸው። «ይቀመጥ» አሉ፤ «ጉዳዩ ይመለከተዋል።»

በሽታው መልቲፕል ማይሎማ የሚባል የመቅኔ ካንሰር መሆኑን ነገረቻቸው። ቀስ ብላ፣ ዓይናቸውን እያየች ነው የነገረቻቸው። አያ ስመኘው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ የገባቸው መሰለን። በኋላ ለአክስቴ እንደነገሯት ግን በዚያን ሰዓት ከከንፈሯ እንቅስቃሴ በቀር የያዙት አልነበረም።

«መቅኔ ውስጥ የሚኖር የደም ሴል አለ» አለች። «በደህና ጊዜ በሽታ ሲመጣ የሚከላከል ነው። የርስዎ ከልኩ በላይ ተራባ። ሲበዛ የሚደርሰው ምግብ አነሰው። ሲያንሰው ወደ ደምዎ መልእክት ይለቃል፤ የደም ሥር ወደ እኔ ይብቀል የሚል መልእክት። በዚያ አዲስ ቦይ ይቀደድለታል፣ ደሙ ወደሱ ይሄዳል፣ እሱም የበለጠ ይራባል።»

«ቦይ» የሚለውን ሲሰሙ አያ ስመኘው ቀና አሉ።

«ያለተራው?»

«ተራ አያውቅም።»

«ማንን አስፈቅዶ ነው የሚቀድ?»

«ማንንም። ያንን መልእክት በደም ውስጥ መለካት እንችላለን። በሽታው እየገፋ ሲሄድ በብዙ ሰው ላይ ይበዛል፤ የርስዎም ብዙ ነው። ገና አጥንት ሳይሰበር፣ ሕመም ሳይጀምር፣ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይነግረን እንደሆነ እያጠናን ነው። ለዚህ ጥናት አንድ ትንሽ ብልቃጥ ደም ቢጨምሩልኝ እወዳለሁ። ካልፈለጉም ሕክምናዎ አይጓደልም።»

«ውሰጂ» አሉ አያ ስመኘው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ሌባ የሚያሳይ ከሆነማ ለምን አንድ ብልቃጥ ብቻ?»

ዘሩ እጁን አወጣ። «ይቅርታ ዶክተር። ጎናቸውን የሰበረው እንግዲህ እሱ ነው?»

«አዎ። አጥንቱን በልቶ አሳስቶታል። በሳል፣ በማስነጠስም ይሰበራል።»

«በጩኸትስ?»

«በጩኸትም።»

ዘሩ ተንበርክኮ የክፍሉን ወለል ሳመ። «ተመስገን! ተመስገን!» እያለ ቀና ሲል አያ ስመኘው መስኮቱን እያዩ ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዘሩ ያን ሲያይ እንዴት እንደሚነሣ ጠፋበት፤ እንደተንበረከከ ጥቂት ቆየ።

ዶክተሯ መድኃኒቱን ማስረዳት ቀጠለች። ከሌሎች ጋር ተደርቦ ማታ ማታ የሚዋጥ ታሊዶማይድ የሚባል እንክብል አለ፤ ከሥራው አንዱ በሽታው አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል ማገድ ነው። አያድንም፤ ያቆየዋል፣ ያዳክመዋል።

«ይዘጋዋል በይኛ» አሉ አያ ስመኘው።

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«ቃሉን ሳይሰጥ?»

«ማን?»

«ባለ ቦዩ።»

ዶክተሯ ወደ አክስቴ ዞረች። አክስቴ ጣራውን ታይ ነበር።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ባለቤቱን ሳልሰማ የዘጋሁት ቦይ የለም» አሉ አያ ስመኘው። «ይኸ ዘሩ ያውቃል። የሱን እንኳ በየዓመቱ ሰምቼ ነው የምዘጋ።»

«እውነት ነው» አለ ዘሩ። «ሰምተው ነው የሚዘጉብኝ።»

«እሑድ እናየዋለን። ሰኞ እጀምራለሁ።»

ዶክተር ዮርዳኖስ እንድትስቅ ይሁን እንድትቆጣ አልታወቃትም። በመጨረሻ «ከሰኞ እንዳያልፍ፤ ይማሉልኝ» አለች። ማሉላት። እሷም ደማቸውን ቀዳች።

ቤት ሲደርሱ አክስቴ እናኑ ያን ሁሉ መንገድ የያዘችውን ለቀቀችው። «አንቱ ሰውዬ፣ ከበሽታ ጋር ነው የምትሟገቱ? ሰው አልቆ?» አለቻቸው። እስክትጨርስ ሰሟትና፣

«እናኑ፣ ሐኪሟ ስትናገር መሬቱ ከሥሬ ሸሽቶ ነበር» አሉ። «ቦይ ስትል ነው መልሼ የረገጥኩት። እንዳልረግጠው አታድርጊኝ።»

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የደብሩ የቅኔ መምህርና የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወደሆኑት መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ዘንድ ሄደች።

መሪጌታ ብዙ አሰቡ። «በሽታን በጸሎት ማባረር አለ» አሉ፤ «በጠበል ማባረር አለ። በሽማግሌ ዳኝነት ማባረር ግን አላነበብኩም። የሚከለክልም አላነበብኩም።» ከዚያ የቅኔ ሰው ናቸውና ፈገግ አሉ። «ደግሞ ቃሉን እይው፣ መ‑ቅ‑ኔ። ቅኔ አለበት። ሰሙ አጥንት ነው፤ ወርቁን ፈልገን እናወጣዋለን።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ውሃው ከወንዙ ከሚጠለፍበት ቦታ፣ ሾላው ሥር ተሰበሰብን። የራስጌውም የግርጌውም ገበሬ መጣ። አያ ስመኘው ትራስ ተደርጎላቸው መሐል ተቀመጡ፤ ከሳሽም እሳቸው፣ የወንጀሉም ቦታ እሳቸው ናቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ አያ ስመኘው ጎን ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«በስመኘው አጥንት ውስጥ ያለህ ባለ ቦይ! ተከሰሃልና ቅረብ!»

ዝም። ደግመው ጠሩ። ዝም። ሦስተኛ ሲጠሩ ከወንዙ ማዶ አህያ አናፋች። «መልስ ይሆን?» አለ አንድ ሰው። መሪጌታ አሰቡበትና «አይደለም» አሉ።

እንግዲህ የቀረ ተከሳሽ ነገረ ፈጅ ይቆምለታል፤ ደንቡ ነው። ማን ይቁም ተባለ። ማንም አልተነሣም። ካንሰር ወክሎ መቆም የሚያምረው ማን አለ? በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «በዚህ መስኖ ላይ ያለተራ የማጠጣትን ነገር ከዘሩ በላይ የሚያውቅ አለ?» አሉ። የሁሉም አንገት ወደ ዘሩ ዞረ።

«እኔ?» አለ ዘሩ። «አሁን ገና ከሰባሪነት ነጻ ወጣሁ እኮ!»

«ቁም» አሉት አያ ስመኘው። «አንተ ካልቆምክ ጉዳዩ አይታይም፤ ካልታየ እንክብሉን አልውጥም።»

ዘሩ ተነሣ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ብብቱ አደረገው።

«እንግዲህ… እሱ የሚለው… እንግዳ አይደለሁም ነው የሚለው። ሐኪሟ ስትናገር ሰምቻለሁ፤ ከሌላ አገር የመጣ ተባይ አይደለም። እዚያው አጥንት ውስጥ ተወልዶ፣ አያ ስመኘው ራሳቸው ያሳደጉት ነው። በደህናው ጊዜ ሌላ በሽታ ሲመጣ ወጥቶ ይዋጋላቸው ነበር። ያኔ ማን አመሰገነው?»

«አላመሰገንነውም» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ዘሩ በረታ። «በኋላ በዛ። መብዛት ደግሞ የሁላችንም ነው። የተሰጠው ቦታ ግን ያው ጥጉ ነው። ውሃው ሁሉን አዳርሶ፣ ደክሞ፣ ጭቃ ሆኖ ነው እሱ ዘንድ የሚደርሰው። ተራህ ሐሙስ ነው ይሉታል። ሐሙስ ሲደርስ ራስጌ ያለው ጨርሶታል። ለሽማግሌ ተናገርኩ፤ ‹ጠብቅ› ነው ያሉኝ። የበርበሬው ችግኝ ግን ጠብቅ አያውቅም። ጠዋት ወጥቼ አንገቱን ደፍቶ ሳየው ምን ላድርግ? ተቀምጬ ላልቅስለት? ዶማዬን አነሣሁ። አዎ አነሣሁ! እናንተ ሌባ አላችሁኝ፤ ልጄ ግን በዚያ ዓመት ራበኝ አላለም።»

«እሱ» ቀርቶ «እኔ» መምጣቱን ያላስተዋለ ሰው አልነበረም፤ ከራሱ ከዘሩ በቀር። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ዓይኑ ሞልቶ ነበር። የግርጌ ገበሬዎች ሚስቶች በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ። አያ ስመኘው አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚሰሙት። ይህን ሁሉ ዓመት ዘሩን ሲሰሙት ቦዩ አፍ ላይ ቆመው፣ ዶማ ይዘው፣ ሊዘጉ ተዘጋጅተው ነበር። ተቀምጠው ሲሰሙት ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ጉባኤው ተናወጠ። «እውነቱን ነው፤ ተራ ይሰጠው» አለ አንዱ። «በሳምንት አንድ ቀን ምን አለበት?» አለ ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ አስታራቂ ነገር አመጣ፤ ከግራ እግራቸው ብቻ ይጠጣ አለ፤ ግራ እግር ለእርሻም ለመንገድም እንደ ቀኙ አይፈለግም። «ቀኙን ከነካ ይቀጣል» ተብሎ ይጻፍ የሚልም ነበረ። የሚገርመው አያ ስመኘው ራሳቸው ግራ እግራቸውን እያዩ እያመዛዘኑ ነበር። ልማድ ክፉ ነው፤ ሁለት ሰው ተከራክሮ አንዱ ሲያዝን ካዩ ማካፈል ይቃጣቸዋል።

ያኔ አክስቴ እናኑ ተነሣች።

«እናንተ ሰዎች» አለች፤ «የምትከፋፈሉት እኮ ባሌን ነው።»

ግራ እግር ያለውን ሰው እያየች ቀጠለች።

«ዘሩ ውሃ ይሰርቃል፤ አይካድም፣ ሌባ ነው። በሰረቀው ውሃ ያበቀለውን በርበሬ ግን ልጁን ሲድር ሁላችሁም በልታችኋል፤ ላባችሁ እስኪወርድ በልታችኋል። ይኸኛውስ? ይህን ሁሉ ደም ጠጥቶ ምን አበቀለ? ማን ቀመሰለት? ጠጥቶ ጠጥቶ ማሳው ሲሞት እሱስ የት ላይ ሊቆም ነው? አእምሮ ያለው ሌባ የሚሰርቅበትን ቤት ያቃጥላል?»

ተቀመጠች። መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ መቋሚያቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ዘሩ ዞሩ።

«ነገረ ፈጅ፤ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ለደንበኛህ ልክ ቢበጅለት፣ በዚያ ልክ ይቆማል? ማልለትና እንስጠው።»

ዘሩን በሐሰት ሲምል ያየ ሰው እዚያ ብዙ ነበር። እሱ ግን ወደ አያ ስመኘው ጎን አየ። ከዚያ ወደ ውሃው አየ።

«አልምልለትም» አለ። «ልክ አያውቅም። እኔ እንኳ፣ ሌባው፣ በርበሬዬ ሲጠግብ እዘጋለሁ። እሱ አይዘጋም።»

ተሸነፈ። መሪጌታ ፈረዱ፤ አዲስ ቦይ እንዳይቀድ፣ የቀደደውም እንዲደርቅበት፣ ስመኘውም ከሰኞ ጀምሮ እንክብሉን እንዲውጡ። ፍርዱን ማን ያስፈጽም ሲባል፣ ለቀረ ተከሳሽ ዋሱ ነገረ ፈጁ ነው ተባለ። ዘሩ ዋስ ሆነ። «በስመአብ! ከዚህ ሰው ጎን የሚያላቅቀኝ ጠፋ?» እያለ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘሩ በአክስቴ ደጃፍ ብቅ ይላል። አያ ስመኘው ይውጣሉ፤ ዘሩ «ምላስዎን ያንሡ» ይላል፤ ያነሣሉ፤ ሥሩን አይቶ ይሄዳል። አክስቴ መጀመሪያ አካባቢ ይህ ሰው ቤቴን የሽንት ቤት መንገድ አደረገው እያለች ታማርር ነበር። አንድ ቀን በጉንፋን ሳይመጣ ሲቀር ግን ሰው ልካ አስጠየቀችው።

ያን ዓመት የበጋው ስንዴ ሲዘራ አያ ስመኘው የውሃውን ተራ ከግርጌ እንዲጀመር አደረጉ። ምክንያቱን አልተናገሩም። የራስጌ ሰዎች አጉረመረሙ፤ አንደኛው እንዲያውም ማታ ቦይ ቀዶ ተገኘና ሌባ ተባለ። ዘሩ ያን ሲሰማ «እንዴት አያፍርም?» አለ።

መድኃኒቱ ያዘላቸው። ጎናቸው ገጠመ፣ ሕመማቸው ቀለለ። ባሕር ዳር ስንመለስ ዶክተር ዮርዳኖስ ያ የቦይ መልእክት በደማቸው ውስጥ በጣም መቀነሱን ነገረቻቸው። «ይህ ማለት ጥናቱ ተሳካ?» ብለው ጠየቋት፤ ለሷ ብለው ነው የጓጉት። አንድ ሰው ብቻውን ጥናት እንደማይሆን፣ ብዙ በሽተኞች መወዳደር እንዳለባቸው፣ አንዳንዱ ላይ መልእክቱ ቀንሶም በሽታው እንደሚገፋ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። አያ ስመኘው ጥቂት ቅር አላቸው። የሳቸው ደም ብቻውን የሚበቃ መስሏቸው ነበር።

መድኃኒቱ ግን ሌላ ነገር አመጣ። እግራቸው ደነዘዘ። ጫማ አድርገው ይሁን ባዶ እግራቸውን ይሁን አይተው ነው የሚያውቁት። የውሃ አባት ደግሞ ውሃ የሚለካው ቦይ ውስጥ ገብቶ በእግሩ ነው፤ ፍጥነቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ አሸዋ መያዝ አለመያዙን። ዶክተሯ ልኩን ቀነሰችላቸው፤ መደንዘዙ ግን አልተመለሰም። አንድ ጠዋት ውሃ ውስጥ ቆመው ምንም ሳይሰማቸው ሲቀር አየኋቸው። ወደታች አጎንብሰው እግራቸውን ያያሉ፤ ውሃው በጉልበታቸው ዙሪያ ይሄዳል። የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር አስተያየታቸው።

«ዘሩ!» ብለው ጠሩ፤ ጎናቸውን እየጠበቁ፣ ቀስ ብለው። «ና ግባ እስቲ።»

ዘሩ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ።

«እንዴት ነው?»

«ይገፋል። ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ አሸዋ አለው።»

«ስንት ሰው ያጠጣል?»

ዘሩ ሊመልስ ሲል ቆመ። በዚህ ጥያቄ ውስጥ የሱም ማሳ አለበት። «ከኔ በላይ ያሉትን» አለ በመጨረሻ። «ለኔ ዛሬ አይደርስም።»

አያ ስመኘው ብዙ አዩት። «ነገ ይሆንልሃል» አሉ። ከዚያ ወዲህ የመስኖው ውሃ በዘሩ እግር ይለካል። ሰው አልወደደውም። ሌባን ሚዛን ማድረግ ነው ተባለ። ግን ሌላ ሰው ገብቶ ሲለካ ልኩ አንድ ሆኖ ስለተገኘ ዝም አሉ።

አምና ደማቸው ሲታይ መልእክቱ እንደገና ጨምሮ ተገኘ። አላመማቸውም፣ አጥንትም አልተሰበረም። ዶክተር ዮርዳኖስ ዝም ብላ መጠበቅ አልወደደችም፤ መቅኔውን ደግማ አየችና በሽታው መመለሱን አረጋገጠች። መድኃኒቱ ይለወጣል አለች።

«ይግባኝ ብሏል» አሉ አያ ስመኘው።

ይግባኝ ደግሞ መሰማት አለበት። መሪጌታ ጉባኤውን ጠሩ፤ ሰው ሾላው ሥር ተሰበሰበ፤ ባለ ቦዩ ተጠራ፤ አልቀረበም። ሁሉም ወደ ዘሩ ዞረ። ዘሩ አልተነሣም።

«ቁም እንጂ» አሉት መሪጌታ።

«አልቆምም።»

«ደንብ ነው እኮ፣ ዘሩ።»

«ደንብ ይሁን። ባለፈው የቆምኩለት አላውቀውም ነበር። አሁን በየማታው በዚያ ደጃፍ ስመላለስ አውቄዋለሁ። ለዚህ የምናገርለት ቃል የለኝም። ሌላ ፈልጉለት።»

ሌላ ተፈለገ። መሪጌታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ያለውን ሰው አንድ በአንድ በዓይናቸው ጠየቁ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። በውሃ ጉዳይ ተሰብስበን እንደዚያ ዝም ያልንበት ቀን ትዝ አይለኝም። መሪጌታ ነገረ ፈጅ ያጣ ይግባኝ እንደማይሰማ፣ የፊቱ ፍርድም እንደጸና ተናግረው ጉባኤውን በተኑት።

መንገዱ ለጥቂት ቀናት ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት ለአዲሱ መድኃኒት ወደ ባሕር ዳር ተነሣን። አያ ስመኘው በመስኮት በኩል፣ ዘሩ መሐል፣ አክስቴ ከዳር ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ። መራዊ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም የተጠበሰ በቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ከበቡት። ዘሩ ገዛና አንዱን ለአያ ስመኘው ሰጣቸው። አገላብጠው አዩት።

«ይኸ ውሃ በዝቶበታል» አሉ። «ፍሬው አልጠነከረም። እዚህ አገር የውሃ አባት የለም?»

«ጣፋጭ ነው፣ ይብሉ» አለ ዘሩ አፉ ሞልቶ።

«ያለተራው የጠጣ ነው እላለሁ!»

«አያ ስመኘው፣ በበቆሎ አይጩኹ፤ ጎንዎ።»

«አልጮኽኩም» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አክስቴ እናኑ በቆሎውን ከእጃቸው ተቀብላ ፈልፍላ መዳፋቸው ላይ አደረገችላቸው። አንድ ፍሬ ቀመሱ፤ ከዚያ ሌላ። ሚኒባሱ ተነሣ፤ እሳቸውም እየበሉ የመራዊን ቦዮች በመስኮቱ አንድ በአንድ ይተቹ ጀመር።